የሰርቨርዎን ማስነሻ በቃሏ ስለያዘችው እናቴ

ለክቡር የሆስፒታሉ የመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል

ጉዳዩ፡- ሰርቨርዎ ጠዋት ሲነሳ ማን እንደሆነ እንዲያውቅ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንደ ሰርቨርዎ ሳይሆን እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን፣ እንቅልፍዎ እንዳይጎድል፣ የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ባለበት እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እናቴም ዓይኗ ካለማየቱ በቀር ደኅና ናት፤ እርስዎንም በኮቴዎና በሳልዎ አሳምራ ስለምታውቅዎ ሰላምታዋን እንዳደርስላት አዝዛኛለች።

እኔ መኪና መንዳት አስተምሬ የማድር ሴት ነኝ። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እናቴን ለዓይኗ ሞራ ሕክምና ሳመላልስ፣ የዓይን ክፍሉ አግዳሚ ወንበር የተቀመጠው ልክ በሰርቨር ክፍልዎ በር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ እዚያ ተቀምጬ የመምሪያዎን ባለሙያዎች እየሰማሁና ግራ ሲገባኝም እየጠየቅሁ ነው። ሌላው ገንዘቡን ከፍሎ የሚማረውን ትምህርት እኔ ወረፋ በመጠበቅ ብቻ ስላገኘሁት፣ ወረፋውን ይህን ያህል ላረዘሙልኝ ለእርስዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር እንዳይቸገር፣ ከአግዳሚው ላይ የተማርኩትን በአጭሩ ላስረዳ። ሰርቨር የሚባለው የታካሚውን ሁሉ መዝገብ ይዞ ለካርድ ክፍሉም፣ ለመድኃኒት መስኮቱም፣ ለሐኪሞቹም የሚያድለው ዋናው ኮምፒዩተር ነው። ይህ ፍጡር ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ማን እንደሆነ አያውቅም። የታካሚዎቹን መዝገብ ከየት ላምጣ፣ በየትኛው በር በኩል ላስተናግድ፣ የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው፣ ደግሞስ ዛሬ የምሠራው ለእውነት ነው ወይስ ለሙከራ እያለ ይጠይቃል። የእነዚህን ጥያቄዎች መልሶች ባለሙያዎችዎ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይሏቸዋል፤ እኔና እናቴ ግን አፋችን አልይዘው ስላለ ማስነሻ ቃላት እንላቸዋለን። ቃላቱን የነገረው ሰው ካለ ወደ ሥራው ይገባል። የሚነግረው ካጣ ደግሞ፣ በእርስዎ ትእዛዝ በተሠራለት ጠባይ መሠረት፣ ዛሬ ልምምድ ነው ብሎ ራሱ ይደመድምና ለልምምድ በተፈጠሩ የውሸት ታካሚዎች መዝገብ ላይ ቀኑን ሙሉ በትጋት ሲሠራ ይውላል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለው መኪና ፊቱና ኋላው ላይ ለማጅ የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል፤ የእርስዎ ሰርቨር ግን ለማጅም ሆነ ሾፌር መልኩ አንድ ነው።

አሁን ወደ አቤቱታዎቼ ልለፍ፤ አቤቱታ ማለቴ እንኳ ድፍረት ሆኖብኝ ነው።

አንደኛ። ማስነሻ ቃላቱ ለረጅም ጊዜ ከራስዎ ጭንቅላት በቀር የትም እንዳይቀመጡ ማድረግዎ ለደኅንነት ያለዎትን ጥንቃቄ የሚያሳይ ነውና ሳላመሰግን አላልፍም። ሰርቨሩ ማታ ማታ ስለሚጠፋ፣ በየጠዋቱ መድኃኒት ሰጪዋ መስኮቷን ከፍታ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ፣ ሐኪሞቹ በየበራቸው ቆመው፣ እኛም በአግዳሚው ላይ ተደርድረን የእርስዎን መምጣት እንጠብቅ ነበር። እርስዎም ይመጡና በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ ቃላቱን በገዛ ጣትዎ ጽፈው ሰርቨሩን ያስነሱታል። ልጅዎን ትምህርት ቤት ያደረሱ ዕለት ሆስፒታሉ አርፍዶ ይነቃል፤ እርስዎን ጉንፋን የያዘዎ ዕለት ሆስፒታሉ ያስነጥሳል። የአንድ ሰው ጤና የዚህን ያህል የብዙ ሰው ጤና የሆነበት ቤት በበኩሌ ሌላ አላየሁም። እናቴማ በየማታው ስትተኛ ለእርስዎ ዕድሜ ትለምን ነበር፤ ለራሷ መለመን የጀመረችው በኋላ ነው።

ሁለተኛ። እርስዎ አገልግሎትን ሳያቋርጡ ስለመስጠት በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ለመካፈል ወደ ሩቅ ከተማ በተጓዙ ጊዜ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ያደረጉት ዝግጅት ሁልጊዜም ይገርመኛል። ሰርቨሩን አስነስተው፣ ቃላቱን የጻፉበትን ጥቁር መስኮት በስክሪኑ ላይ ክፍት እንደሆነ ትተውት ሄዱ። ቃላቱ የሚኖሩት በዚያ መስኮት ውስጥ ብቻ ስለነበረ፣ መስኮቱ ከተዘጋ አብረው ድራሻቸው ይጠፋልና ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ለዚህም ጥበቃውን፣ እኛ ድምፁን አጥፍቶ ስላላየነው ጋሽ ጸጥታ የምንለውን ሰው፣ በስክሪኑ ፊት ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት። ጋሽ ጸጥታም አደራ በላ እንዳይባል ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ጽዳት ሠራተኛዋን ጠረጴዛውን እንዳትወለውል ከለከላት፤ አቧራ ሰው ገድሎ አያውቅም ብሎ መለሳት። ከዱላው ጋር ተቀምጦ ኮምፒዩተር የሚጠብቅ ሰው በማየቴ መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ እናቴ ግን በሰው እንጀራ አይሳቅም ብላ ገሠጸችኝ።

ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ጋሽ ጸጥታ ከፊት ሲጠብቅ አደጋው ከኋላ መጣ። የተከበሩት ምክትልዎ ሻይ አምሯቸው የውሃ ማፍያውን ሰርቨሩ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩት የክፍሉ መብራት ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ተነሳ። ምክትልዎም ለካስ ራሱን ችሎ ይነሳል ብለው ተደሰቱ፤ ሻያቸውንም ጠጡ። የተነሳው ግን ለማጁ ነበር።

ከዚያ በኋላ እርስዎ እስኪመለሱ የነበሩትን ቀናት እርስዎ አላዩአቸውምና ልንገርዎ። ስክሪኑ ያው ነው፣ ማኅተሙ ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው። የተለየ ነገር ቢኖር በድምፅ ማጉያው የሚጠራ ሙከራ አንድ የሚባል አንድ ታካሚ ነበር። ይህ ሰው ጠዋት ወደ ጥርስ ክፍል ይጠራል፣ ረፋድ ላይ ወደ አጥንት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ማዋለጃ። እናቴ ስሙ በተጠራ ቁጥር ከንፈሯን እየመጠጠች፣ ምስኪን፣ ያልታመመው ነገር እኮ የለም እያለች ታዝንለት ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የድሮ ታካሚዎችን መዝገብ ሲያጣ ምክትልዎን ጠይቆ፣ እንደ አዲስ መዝግብ ተብሎ፣ ሁላችንንም እንደ አዲስ መዘገበን። እውነቴን ነው የምልዎ፤ ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ይህን መሐላ በእናቴ ፊት አልምልም፤ አንድ ዓይነ ስውር ለቤታችን ይበቃል ትላለች።

እናቴ የቀዶ ጥገና ቀጠሮዋን ያገኘችው በእነዚያ ቀናት ነው። እንደሚያውቁት ሞራውን የሚገፍፈው ሐኪም የሆስፒታሉ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፤ ከሌላ ከተማ አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ሲመጣም ተራ የደረሰው ብቻ የሚያገኘው ሰው ነው። ወረቀቱ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ሲሰጣት እናቴ ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰችው። ቤታችን ሠርግ መሰለ። ታናሽ እህቴ ከባሏ ጋር ከሩቅ መጣች። እናቴ ይህን አማቿን በድምፁ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነም መልከ መልካም ነው ብላ ደምድማለች፣ እኛም ዝም ብለናታል። ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው ብላ ስለማለች፣ ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ በመስተዋት ፊት ከረመ።

እርስዎም ከሥልጠናዎ በሰላም ተመለሱ፤ ሰርቨሩን አጠፉት፣ ቃላቱን በገዛ ጣትዎ መልሰው ጻፉለት፣ እሱም ወደ እውነት ተመለሰ። በልምምዱ ቀናት የተጻፈው ሁሉ ግን በልምምዱ መዝገብ ውስጥ ቀረ። እርስዎም ለማንም ምንም አላሉም፤ ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ይመስለኛል።

ቀጠሮው ደርሶ ስንመጣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስክሪኑን ደጋግሞ ካየ በኋላ እናታችሁ የለችም አለን። እናቴ አጠገቤ ቆማለች። አለሁ እኮ ልጄ፣ እጄን ንካው አለችው። ሠራተኛው እስኪያሳዝነን ድረስ ደነገጠ፤ ማሽኑ የማያውቀውን ሰው ለማስገባት ሥልጣን የለኝም አለ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንደኛ ወረቀት የያዙ ሰዎች በበሩ ላይ ተኮለኮሉ። በበሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ የዕለቱን ታካሚዎች ዝርዝር ቢጠይቅ ባዶ ስክሪን አሳዩት። በመካከላችን የነበረው አንድ በር ብቻ ነው። ሐኪሙ በዚህ ከተማ የታመመ ዓይን አለቀ ማለት ነው ብሎ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ማኅተሙን በጣቷ ስትዳብስ መጣች፤ አማቿም ድምፁን እንዳያሰማት ብሎ ይመስለኛል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዕለት በጣም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ይህ አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለ ጨዋታ ይታይልኝ።

ሦስተኛ። ለአቤቱታ ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ተነስተው ስለተቀበሉኝ፣ ወንበርም ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የእናቴ መረጃ እንዳልጠፋ፣ በሙከራው በኩል በሰላም እንደሚገኝ ሲያረጋግጡልኝ ልቤ እንዴት እንደረካ መግለጽ ይከብደኛል። ምናልባትም በሙከራው በኩል ቀዶ ጥገናው ተሳክቶላት አማቿን አይታ ተጸጽታ ይሆናል። የመምሪያዎ ቴክኒሻን የነበረችው ልጅ ቃላቱን ሰርቨሩ ብቻ ሊያነበው በሚችል ፋይል ውስጥ እናስቀምጣቸውና በተነሳ ቁጥር ራሱ ያንብባቸው፤ አንዲት ቃል ከጎደለችበትም በልምምድ ከሚነሳ ጭራሹን አልነሳም ብሎ ይጩኽ ብላ ሐሳብ አቅርባ እንደነበረም ሰማሁ። እርስዎም ሐሳቧን አክብረው ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ክፍል አዛወሯት፤ አሁን እስክሪብቶ ታድላለች። አራት ሰዎች ጠይቄያለሁ፣ እስክሪብቶ አሰጣጧ ላይ ቅሬታ ያለው የለም።

አራተኛውን ልረሳው ነበር፤ እርስዎ ማሻሻያ ያሉት ነው። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ቃላቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መኖራቸው እንደማይበጅ ተቀበሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ቃላቱ በወረቀት ታተሙ። ነገር ግን በሰርቨር ክፍል ውስጥ ወረቀት እሳት ይጠራል የሚል የራስዎ መመሪያ ስለነበረ፣ ወረቀቱ በበሩ የውጭ ገጽ ላይ ተለጠፈ። የሚጽፉት ምክትልዎ ውስጥ፣ ወረቀቱ ውጭ ሆነ። ስለዚህ ጋሽ ጸጥታ በየጠዋቱ በበሩ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ ምክትልዎም ከውስጥ እየሰሙ እንዲጽፉ ተወሰነ። አልሸሹም ዞር አሉ የሚሉት ይህን ነው። ትናንት ለምክትልዎ እንኳ የማይነገረው የይለፍ ቃል ዛሬ በጋሽ ጸጥታ ድምፅ፣ ጥርስ ሊያስነቅል የመጣው እንኳ እስኪሰማው ድረስ በኮሪደሩ ይታወጃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እርስዎ አልሰሙ ይሆናል እንጂ፣ የይለፍ ቃሉ ብልሁ አለቃ የሚል ከኋላው ቁጥር የተቀጠለበት መሆኑን የአግዳሚው ሰው ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ የተነበበ ዕለት ኮሪደሩን ሁሉ ሳል ያዘው።

ከሁሉ ይበልጥ የያዘችው ግን እናቴ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጆሮዋ ስል ነው፤ ያ ባዶ ስክሪን ደግሞ ከልቧ አልወጣም። ቃላቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እኩል ይሆናል የሚለው ምልክትና ታች ሰረዟ ሳይቀሩ በቃሏ ትወጣቸዋለች። አንድ ጠዋት የወረቀቱ ማጣበቂያ ለቆ ታችኛው ጫፉ ስለታጠፈ ጋሽ ጸጥታ የመጨረሻዋን መስመር፣ ዛሬ የምትሠራው ለእውነት ነው የምትለዋን ሳያነብ አበቃ። እናቴ ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ዘለልካት፣ እሷ ከሌለች እኛም የለንም አለችው። ጋሽ ጸጥታ ወረቀቱን ቀጥ አድርጎ አነበበ፤ ምክትልዎ ከውስጥ ሰርቨሩን አጥፍተው እንደገና ሲያስነሱት ሰማን። መድኃኒት ሰጪዋ ከመስኮቷ ወጥታ የእናቴን ጉልበት ሳመች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ አንድም ጠዋት ቀርታ አታውቅም። ቀጠሮ ኖራትም አልኖራትም፣ ሰርቨርዎ ሲነሳ አግዳሚው ላይ ናት። የማመጣት እኔ ስለሆንኩ፣ ለማጅ በተለጠፈበት መኪናዬ ከተማሪዎቼ ጋር ነው የምትመጣው፤ ከተማሪዎቼ ውስጥ ወደ ሆስፒታሉ ብቻ መንዳት የሚችሉ፣ ሌላ መንገድ የማያውቁ አሉ። ለዚህ አገልግሎቷ ደመወዝ አልጠየቀችም፤ ለእርስዎ መምሪያ በነጻ መሥራት ክብሯ ነው።

ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሐኪሙ በሚመጣው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፤ የእናቴም ስም እንደገና ተመዝግቦ በእውነተኛው መዝገብ ላይ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይገኛል። ይህንንም የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ያ የደነገጠው ልጅ፣ በየቀኑ ከፍቶ ያነብላታል። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ያችን ልጅ ከእስክሪብቶዎቿ መካከል ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ተውሰው ቃላቱን በፋይል ውስጥ እንድታስቀምጥልዎ ቢፈቅዱ፣ ሰርቨርዎም እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ማንነቱን ከጎረቤት ሳይጠይቅ ቢነሳ ውለታዎ አይረሳንም። መመሪያው አይፈቅድም የሚሉ ከሆነም አልከፋም፤ መመሪያውን ያወጣውን ሰው አግኝተው እንዲያነጋግሩልኝ ብቻ እለምናለሁ፤ ቢሮው ምንጣፍ አለው።

ይህን ደብዳቤ በአካል ላቀርብልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ከማስነሻ ቃላቱ ሥር በበሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጋሽ ጸጥታ በበሩ ላይ ያለውን ሁሉ እንዲያነብ በጽሑፍ የታዘዘ ጠንቃቃ ሠራተኛ ስለሆነ ሳይደርስዎ አይቀርም። ምክትልዎ ከውስጥ የሰሙትን ሁሉ ስለሚጽፉም፣ ሰርቨርዎ ራሱ ቅጂ ይኖረዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለተሰጠኝ ትምህርት፣ ለተሰጠን ትዕግሥት፣ በሙከራው በኩል በሰላም ለምትኖረው ሁለተኛዋ እናቴም ለሚደረግላት እንክብካቤ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ምንጣፍዎ እንዳይቆሽሽ፣ የውሃ ማፍያውም ሌላ ማከፋፈያ እንዲያገኝ እመኛለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
በአግዳሚው ወንበር ግራ ጫፍ የምትቀመጠዋ የመኪና መንዳት አስተማሪ

ግልባጭ፡-
ለአግዳሚው ተቀማጮች በሙሉ
ለጽሕፈት መሣሪያ ክፍል፣ ከአንድ እስክሪብቶ ምስጋና ጋር
ለሙከራ አንድ፣ በሚገኝበት ክፍል ሁሉ

ማስታወሻ፡- የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ሰርቨርዎ በሚነሳበት ሰዓት እናቴ አግዳሚው ላይ አትሆንም፤ ልብሷን ቀይራ ከውስጥ አልጋ ላይ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ጋሽ ጸጥታ ያን ዕለት የመጨረሻዋን መስመር ቢዘል የሚያርመው የለም፤ ስለዚህ ቢያንስ ያን ዕለት እርስዎ ራስዎ ወርደው በእሷ ቦታ ተቀምጠው እንዲያዳምጡላት አደራ ብላለች። ዓይኗ ሲገለጥ መጀመሪያ የምታየው አማቿን እንደነበረ ከላይ ጽፌያለሁ፤ አሁን ሐሳቧን ቀይራለች። አማቼ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው መኖሩን ልየው ብላለች።